ሦስት ጊዜ ተሽሎት ሦስት ጊዜ የተመለሰ ድድ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዕድሜዬ 41 ነው። ከስምንት ወር ወዲህ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። ጠዋት ስነሣ ምራቄ ደም የተቀላቀለበት ነው፤ የአፌም ጠረን ተለውጧል። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ገዝቼ ሦስት ጊዜ ወስጃለሁ። በወሰድኩ ቁጥር ለሁለት ሳምንት ያህል ይሻለኛል፤ ከዚያ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ ባዮቴክኖሎጂ የምትማረው ልጄ ‹ባክቴሪያዎቹ ጂናቸውን ለውጠው ባዮፊልም ስለሠሩ ነው መድኃኒቱ የማይገድላቸው› ትለኛለች። ጂናቸውን የሚያጠፋ መድኃኒት መጥቷል? ናሙና ሰጥቼ በላቦራቶሪ ልመርመር? ጎረቤቶቼ ደግሞ ‹ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያወላልቃል፣ ይልቅ ድድሽን ተነቀሺ› ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

አራተኛውን ዙር አይግዙ። ሁለቱ ክኒኖች በቦታቸውና በጊዜያቸው ሲታዘዙ የድድ ሕክምናን ያግዛሉ፤ እርስዎ ግን ሦስቱንም ጊዜ የላኳቸው በሩ ወደተዘጋ ቤት ነው። የልጅዎ ማብራሪያ ግማሹ ትክክል ነው። የተሳሳተው ግማሽ ግን የሌለ መድኃኒት ወደ መፈለግ ስለወሰዳችሁ ከእርሱ ልጀምር።

ባክቴሪያዎቹ ጂናቸውን አልለወጡም። የተለወጠው ከጂኖቻቸው መካከል የትኞቹ በሥራ ላይ እንዳሉ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰብል እየጨረሰ ያለፈውን የበረሃ አንበጣ ያስታውሳሉ። ያ አንበጣ ብቻውን ሲኖር ዓይነ አፋር ነው፤ ከመሰሎቹ ይሸሻል፤ ቀለሙም ካለበት ቦታ ጋር ይመሳሰላል። ዝናብ ጥሎ፣ ቁጥሩ በዝቶ፣ አንዱ የሌላውን የኋላ እግር እየነካካ ሲተፋፈግ ግን ጠባዩ በሰዓታት ውስጥ መለወጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ቀለሙና ቅርጹም ይለወጡና መንጋ ሆኖ ይነሣል። ብቸኛውም መንጋውም የሚይዙት ጂን አንድ ነው፤ ልዩነቱ የትኛው ተከፍቶ የትኛው እንደተዘጋ ነው። በድድዎ ሥር የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በድድ ሕመም ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ባክቴሪያ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ይባላል። ታነሬላ ፎርሲቲያና ትሬፖኔማ ዴንቲኮላ ከሚባሉ ሁለት ባልንጀሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 «ቀዩ ቡድን» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል፤ ጥልቅና የሚደማ የድድ ኪስ ባለበት ብዙውን ጊዜ ሦስቱ ተያይዘው ስለሚገኙ ነው። ኦክስጅን ስለሚጎዳው የሚኖረው በጥርስና በድድ መካከል ባለው ጠባብ ኪስ ሥር ነው። ስኳር አይበላም። (ስኳር ጥርስን የሚቦረቡሩት የሌሎቹ ቀለብ ነው፤ «ስኳር ከተውኩ ዓመት ሞላኝ፣ ድዴ ለምን ይደማል?» ብሎ የሚገረም ሰው በየሳምንቱ ያጋጥመኛል።) የዚህኛው ምግብ የተቆራረጠ ፕሮቲን ነው። ያለ ብረትም አያድግም፤ ብረቱን የሚያገኘው በደም ውስጥ ካለው፣ ሄም ከሚባል ብረት አዘል ንጥረ ነገር ነው።

ይህ ፍጡር ወደ 2,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያሠራም። ለምሳሌ ከላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ፊምብሪያ የሚባሉ ክሮች ያበቅላል። ከጥርስ፣ ከድድ ሕዋስና ከሌሎች ባክቴሪያዎች ጋር የሚጣበቀው በእነዚህ ነው። ረጃጅሞቹን ክሮች የሚያሠራው ጂን ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ፊም-ኤስ የሚባል ፕሮቲን እንደ ዘበኛ ተቀምጧል፤ ይህ ዘበኛ ውስጥ ላለው ፊም-አር መልእክት ያቀብላል፤ ፊም-አር ደግሞ ጂኖቹ ሥራ እንዲጀምሩ ያዛል። ሙቀትም ለውጥ ያመጣል፤ በላቦራቶሪ ከ37 ወደ 39 ዲግሪ ሲወጣ የክሮቹ ምርት ይቀንሳል። እኔን ግን ዘወትር የሚያስደንቀኝ የጎረቤት ጉዳይ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ጎርዶናይ ከሚባለው ባክቴሪያ ጋር ሲገናኝ በአጫጭር ክሮቹ ጨብጦት አብረው ይሰፍራሉ። ከጎርዶናይ ዘመዶች አንዱ ከሆነው ከስትሬፕቶኮከስ ክሪስታተስ ጋር ሲገናኝ ግን ያ ጎረቤት በያዘው አንድ ፕሮቲን አማካይነት የረጃጅሞቹን ክሮች ጂን ያዘጋበታል፤ እንግዳው መስፈሪያ ያጣል። እዚህ ላይ የሰው መድኃኒት የለም፤ ባክቴሪያ ባክቴሪያን ሲያስቆም ነው የምናየው።

ቁጥራቸውንም ያውቃሉ። በእድር ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ አጀንዳ እንደማይከፈት ሁሉ፣ ባክቴሪያዎችም ትንንሽ ኬሚካሎችን ወደ ውጭ እየለቀቁ የኬሚካሉ መጠን ሲጨምር «በዝተናል» ብለው ሌላ ዓይነት ሥራ ይጀምራሉ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ኤአይ-2 ይባላል። ፖርፊሮሞናስና ጎርዶናይ አብረው የሚሠሩት ሽፋን (ልጅዎ ባዮፊልም ያለችው) በሙከራ ሲፈተሽ፣ ሁለቱም ይህን ምልክት የሚያሠራውን ጂን ካጡ ሽፋኑ አይሠራም። ከሁለቱ አንዳቸው ብቻ ቢኖራቸው ግን ለሁለቱም ይበቃል።

ጂንጂፔይን የሚባሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችም አሉት። የድድን ሥጋ ብቻ ሳይሆን የሰውነታችን መከላከያ የሚጠራራባቸውን ፕሮቲኖች ጭምር ይቆራርጣሉ። ድድ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ፈሳሽና ደም ያወጣል። ደሙ ደግሞ ለባክቴሪያው ብረት ይዞ ይመጣል። ጠዋት ምራቅዎ ላይ የሚያዩት ደም እንግዲህ የትናንቱ ጉዳት ምልክት ነው፤ የነገው ስንቅም እርሱው ነው። ለዚህ ሁሉ ብዙ መሆን አይጠበቅበትም። በአይጦች ላይ በተሠራ ሙከራ በአፍ ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች 0.01 በመቶ እንኳ ሳይሞላ የሌሎቹን ብዛትና ዓይነት አዛብቶ አጥንት እንዲመነምን አድርጓል። ከተወለዱ ጀምሮ ከማንኛውም ጀርም ነጻ ሆነው ባደጉ አይጦች አፍ ውስጥ ብቻውን ሲገባ ግን አጥንቱ አልተጎዳም። ከእነዚህ ሁለት ውጤቶች የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ድድን የሚጎዳው ሰፈሩ በሙሉ ሲታመም እንጂ አንድ ስም ያለው ወንጀለኛ ስለገባ ብቻ አይደለም። «የትኛው ባክቴሪያ ነው? እርሱን ልግደለው» የሚለው አካሄድ የሚከሽፈው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ክኒኑ። ኮዬ ፈጬ ስለሚኖሩ ቤትዎ ጀሪካን አይጠፋም ብዬ ልገምት። ወራት ውኃ ሲመላለስበት የቆየ ጀሪካን አፍ ውስጥ ጣትዎን ከትተው ግድግዳውን ቢዳስሱት ያሙለጨልጫል። ያ ዝልግልግ ነገር ባዮፊልም ነው፤ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ባመረቱት ሙጫ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩበት ሰፈር። በንጹሕ ውኃ ቢያለቀልቁት አይለቅም። በረኪና ጠብ ቢያደርጉበት ሽታው ለጥቂት ቀናት ይጠፋል፤ ከዚያ ጣትዎ እንደገና ያሙለጨልጫል። እናቶቻችን መላውን ያውቁታል፤ አንድ እፍኝ ጠጠርና ትንሽ የዱቄት ሳሙና ጨምረው ጀሪካኑን እስኪንኳኳ ይንጡታል። ሽፋኑ ተፍቆ ከወጣ በኋላ የሚጨመር በረኪና ያኔ ሥራውን ይሠራል። እርስዎ ሦስት ጊዜ በረኪና ጨምረዋል፤ ጠጠሩ ግን እስካሁን አልገባም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1680ዎቹ ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር ከጥርሱ የፋቀውን ነጭ ነገር ሲመለከት በውስጡ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረታት አየ። በኮምጣጤ ሲጉመጠመጥ የሞቱት በውጭ በኩል ያሉት ብቻ እንደሆኑና ኮምጣጤው ወደ ውስጥ እንዳልዘለቀ ጽፏል። ከ300 ዓመት በላይ አልፎም በአፍ ማጠቢያ ጠርሙስ ድዱን ለማዳን የሚሞክር ሰው የሚያገኘው ውጤት ያው የኮምጣጤው ነው።

ሽፋኑ መድኃኒትን የሚቋቋምባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። ሙጫው አንዳንዱን መድኃኒት ያዘገያል ወይም ይይዛል። ከሥር ያሉት ባክቴሪያዎች ምግብ ስለሚያጥራቸው ዕድገታቸውን ቀዝቀዝ ያደርጋሉ፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ የሚገድለው ግድግዳውን እየሠራ በማደግ ላይ ያለውን ነው። ጎረቤት ደግሞ ለጎረቤት ይደርሳል፤ ፖርፊሮሞናስ ራሱ ብዙውን ጊዜ በአሞክሳሲሊን ይሞታል፣ አጠገቡ የሰፈረው ፕሬቮቴላ ግን መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚረጭ ከሆነ ሁለቱም ይተርፋሉ። በዚህ ሁሉ የተነሣ በሽፋን ውስጥ ያለን ባክቴሪያ ለመግደል የሚያስፈልገው መጠን በአንዳንድ ሙከራዎች እስከ 1,000 እጥፍ ይደርሳል። ያንን ያህል በክኒን መዋጥ አይቻልም። ያንኑ ባክቴሪያ ከሽፋኑ አውጥተው በፈሳሽ ውስጥ ቢያሳድጉት ግን በተለመደው መጠን ይሞታል። ጂኑን ቢለውጥ ኖሮ ከሽፋኑ ወጥቶም አይሞትም ነበር።

ሁለቱ ሳምንት እንዴት ተሻለኝ ይሉ ይሆናል። መድኃኒቱ በደም በኩል ስለሚመጣ ድድ ሥጋ ውስጥ የገቡትንና ከሽፋኑ ውጭ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያገኛቸዋል። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ደሙ ያቆማል፣ ጠረኑ ይጠፋል። በጥርሱ ሥር ላይ የተለጠፈው ሰፈር ግን እዚያው አለ፤ ከእርሱ የሚነሡት ቦታውን መልሰው ይይዙታል። በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ «ድኛለሁ» ባሉ ቁጥር ከሥር ያለው አጥንት ተጨማሪ ጊዜ ሲያጣ ነበር። ትልቁ ጉዳትም ይህ ነው፤ ክኒኑ ምልክቱን ዝም እያሰኘ ሕመሙን አቆየው።

ልጅዎ ልትከራከረኝ የምትችልበት ነጥብ አለ፤ ደግሞም ልክ ትሆናለች። እውነተኛ የጂን ለውጥ የሚከሰትባቸው ጊዜያት አሉ። አግሪጌቲባክተር አክቲኖማይሴተምኮሚታንስ የሚባል (ስሙን በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ተማሪ ብርቅ ነው) ሌላ የድድ ባክቴሪያ ጄፒ-2 የተባለ ዝርያ አለው። ይህ ዝርያ የነጭ የደም ሕዋስ ገዳይ መርዙን የሚቆጣጠረው የዘረ መል ክፍል ላይ 530 ፊደላት ስለጎደሉት መርዙን ያለ ልጓም ያመርታል። በተለይ በሰሜንና በምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች ላይ የሚገኝ ሲሆን በታዳጊዎች ላይ አጥንትን በፍጥነት ከማጥፋት ጋር ተያይዟል። እርስዎ የነገሩኝ ታሪክ የዚህ አይመስልም። ግን በቤትዎ የ14 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ካለና የፊት ጥርሶቹ ወይም የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎቹ ያለ ብዙ ቆሻሻ ከተነቃነቁ «ልጅ ነው፣ ይስተካከላል» ሳይሉ በዚያው ሳምንት ያሳዩት። ሁለተኛው የጂን ጉዳይ መድኃኒት መላመድ ነው። ይህን በተደጋጋሚ በገዛ እጃችን የምናመጣው ነው፤ ባክቴሪያዎች ተቀራርበው በሚኖሩበት ሽፋን ውስጥ የመላመጃ ጂን እርስ በርስ መቀባበል ይቀላቸዋል። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም በየመንደሩ ባንኮኒ ላይ የሚሆነውን እናውቃለን።

ጂን የሚዘጋ ወይም የባክቴሪያዎቹን መልእክት የሚያቋርጥ መድኃኒት ለድድ ሕመም ተብሎ የሚሸጥ የለም። ሐሳቡ በላቦራቶሪ በርትቶ እየተሠራበት ነው። ጂንጂፔይንን የሚያግድ አንድ ክኒን ለአልዛይመር ሕሙማን ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የታለመለትን ዋና ግብ ሳይመታ ቀርቷል፤ በጉበት ላይ የሚያመጣው ችግርም አሳስቦ ነበር። በማኅበራዊ ሚዲያ «የባዮፊልም ማፍረሻ» ተብሎ ጠብታ ወይም ዱቄት የሚሸጥልዎት ካለ ገንዘብዎን ይያዙ።

የላቦራቶሪ ናሙናም አያስፈልግዎትም። እነዚህን ባክቴሪያዎች ኦክስጅን በሌለበት ማሳደግ አድካሚና ውድ ነው። ቢገኙም ድዳቸው ጤነኛ በሆነ ሰዎች አፍ ውስጥም ስለሚገኙ ስማቸውን ማወቅ ሕክምናዎን አይለውጠውም። ለእርስዎ የሚበልጠው ምርመራ ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ሐኪሙ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ ቀስ አድርጎ ያስገባና ኪሱን ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤናማ ነው። 4 ሲሆን እንጠነቀቃለን። 6 እና ከዚያ በላይ ሲሆን በቤት ብሩሽ ፈጽሞ የማይደረስበት ጥልቀት ነው፤ ብሩሽ ከድድ ጠርዝ በታች ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከዚያ የራጅ ምስል ይነሣሉ፤ አጥንቱ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳየው እርሱ ነው። አፍዎን በባትሪ አይቶ፣ ሳይለካ ክኒን የሚያዝልዎት ሰው ዘንድ ካሉ ተነሥተው ይሂዱ።

ወደ ጎረቤቶችዎ ምክር ልምጣ። ባለፈው ዓመት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ አባት የታችኛው የፊት ጥርሳቸው ጀርባ ላይ ያለውን ጠንካራ ቆሻሻ ስናነሣ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቢጫ ድንጋይ በአንድ ጊዜ ተላቅቆ ሣህኑ ላይ ኳ ብሎ ወደቀ። ደነገጡ። «ጥርሴን ሰበርከው!» አሉኝ። መስታወት ሰጠኋቸው፤ አራቱም ጥርሶች በቦታቸው ነበሩ፤ በመካከላቸው ግን ከዓመታት በፊት የተደፈነ ክፍተት ተገልጧል። ምላሳቸውን እያሾለኩ ደጋግመው ዳሰሱት፤ አላመኑኝም። ድንጋዩ በዚያ ቦታ የሚበዛው የምራቅ ቱቦ ከምላስ ሥር ስለሚከፈትና የምራቅ ካልሲየም ለስላሳውን ሽፋን በቀናት ውስጥ ማጠንከር ስለሚጀምር ነው። እኚህ አባት አጥንታቸው ስለሳሳ ጥርሶቻቸውን አጣብቆ የያዘላቸው ያ ድንጋይ ነበር። ሲነሣ ትንሽ ተነቃነቁ። ሰፈር ውስጥ «አሳጥቦ ተወላለቀ» የሚባለው ወሬ የሚወለደው ከዚህ ነው፤ ጥርሱን ያላላው ለዓመታት የቆየው ሕመም ሲሆን እጥበቱ የገለጠው ብቻ ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ እብጠቱ ከጠፋ በኋላ ጥርሱ ይጠነክራል። እጥበቱ የሚያመጣው ነገር ግን አለና አልደብቅዎትም፤ ያበጠው ድድ ሲሟሽሽ ጥርስዎ ረዘም ብሎ ይታያል፣ ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቃዛ ውኃ ያንዘረዝርዎታል፤ የጠፋው አጥንት በአመዛኙ አይመለስም።

ስለ ንቅሳቱ ባጭሩ፦ አይነቀሱ። ጥቁር ቀለም የድዱን መቅላት ይሸፍነዋል፤ ሕመሙን አይነካውም። ለብዙ ሰው የሚያገለግል መርፌ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

«ጥርስ ማሳጠብ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ያደባልቃል። ከድድ በላይ ያለውን ቀለምና ድንጋይ አንሥቶ ማጽዳት አንዱ ነው፤ በሃያ ደቂቃ ያልቃል፤ ለእርስዎ ግን አይበቃም። ሁለተኛው በማደንዘዣ፣ በሚንቀጠቀጥ መሣሪያና በእጅ መፋቂያ ከድድ ሥር ገብቶ የጥርሱን ሥር ማጽዳት ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቀጠሮ ሊወስድ ይችላል። ጠጠሩ ይህ ነው። ሲሄዱ «ከድድ ሥር ይጽዳልኝ፣ ከዚያ በፊት ኪሱ ይለካልኝ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልግ ከሆነ በዚያው ሕክምና ወቅት፣ ሽፋኑ ተሰባብሮ ባለበት ጊዜ ሐኪሙ ያዝዛል፤ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ግን ጽዳቱ ብቻውን ይበቃል።

ቀሪው ሥራ የእርስዎ ነው፤ ያለ እርሱ የእኔ ሥራ ከሁለት ከሦስት ወር አያልፍም። ጥርስ በተጸዳ በደቂቃዎች ውስጥ የምራቅ ፕሮቲን ይለብሳል፤ በሰዓታት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ስትሬፕቶኮከሶች ይሰፍራሉ፤ በቀናት ውስጥ ፉሶባክቴሪየም የሚባለው ረጅም ዘንግ መሰል ባክቴሪያ ድልድይ ሆኖ አየር የማይወዱትን ያስገባል። በዴንማርክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመ ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞች ጥርሳቸውን መቦረሽ ሲያቆሙ ሁሉም ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ድዳቸው ተቆጣ፤ መቦረሽ ሲጀምሩ በአንድ ሳምንት ገደማ ዳነ። እንግዲህ ሰፈሩ ሳይደረጅ በየቀኑ ማፍረስ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ፤ ጸጉሩን ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብለው በቀስታ ያንቀሳቅሱት፤ ማታ አንድ ጊዜ ሳይቸኩሉ መቦረሽ ጠዋትና ማታ ከመቸኮል ይሻላል ብልዎት ደስ ይለኛል፣ ግን ሁለቱንም ያድርጉ። የወይራ መፋቂያ መልካም ነው፤ ጫፉ ታኝኮ ለስልሶ ጥርሱን ከፋቀ ብሩሽን ይተካከላል። በጥርስ መካከል ግን አይገባም፤ ሕመሙ የሚጀምረው ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ በየማታው የጥርስ ክር፣ ክፍተቱ ሰፋ ካለ ደግሞ በጥርስ መካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ይጠቀሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ይደማል፤ ደማ ብለው አይተዉት። ክሎርሄክሲዲን ያለበት መጉመጥመጫ ከታዘዘልዎ ለሁለት ሳምንት ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ በተለይ ቡናና ሻይ ለሚያዘወትር ሰው፣ ጥርስን ያጠቁራል። የሞቀ የጨው ውኃ ቁስሉን ያስታግሳል፤ ሽፋኑን አያፈርስም። ቅርንፉድ ሕመሙን ያደነዝዛል፤ ከዚያ የዘለለ አይሠራም።

የሚያጨሱ ከሆነ (አልጻፉልኝም) ትምባሆ የድድን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ መድማቱን ይደብቃል፤ ጥፋቱን ግን ያብሳል። የስኳር ሕመም ደግሞ ድድን ያባብሳል፤ የታመመ ድድም ስኳርን ከቁጥጥር ያስወጣል። በ41 ዓመት የስምንት ወር የድድ መድማት ይዞ የሚመጣን ሰው ስኳሩን ሳያስለካ አላሰናብተውም። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከጠረጠሩ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በእርግዝና ወቅት የሚጨምሩት ሆርሞኖች የድድን ቁጣ ያባብሳሉ።

ጥንቃቄ የሚሹ ሰዎች አሉ። የተተካ የልብ ቫልቭ ያለው ወይም ከዚህ በፊት የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ከጽዳቱ በፊት የመከላከያ መድኃኒት ስለሚያስፈልገው ሳይናገር ወንበሩ ላይ መቀመጥ የለበትም። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሜትሮኒዳዞልን በገዛ ፈቃዱ ፈጽሞ አይውሰድ፤ ደሙን ከመጠን በላይ ያቀጥንበታል። ድድዎ ሳይነካ በራሱ ከደማና ሰውነትዎ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ መበለዝ ካዩ ነገሩ የጥርስ ላይሆን ይችላልና የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ኪስ የሚለካና ራጅ ያለው የጥርስ ክሊኒክ ይሂዱ፤ ከድድ ሥር ያለውን ጽዳት በሙሉ ይጨርሱ። ከተጠናቀቀ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ኪሱ እንደገና ይለካ። 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ቦታ ከቀረ የድድ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል እንዲልኩዎ ይጠይቁ። ከቀነሰ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ ይመለሱ፤ መድማቱ ቢቆምም እንኳ። ሲሄዱ የሦስቱንም ዙር መድኃኒት ማሸጊያ ወይም ስማቸውንና የወሰዱበትን ወር ጽፈው ይያዙ፤ የጾም የስኳር ልኬትም አስቀድመው ያሠሩ። ልጅዎንም ይዘዋት ይሂዱ። ከድድዎ ሥር የሚወጣውን ድንጋይ በዓይኗ ብታየው ስለ ባዮፊልም ከደብተሯ ያላገኘችውን ታገኛለች፤ የሁለተኛው ቀጠሮ ቀንም እንዳይዘነጋ የምታስታውስዎት እርሷ ትሆናለች።